የጤና ጣቢያው ቦርድ የማን ነው?



ስለ ጤና ጥበቃ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ሐኪም፥ ስለ መድኃኒትና ስለ አልጋ ነው። ስለ አንድ ሌላ ነገር ግን ሲነገር እምብዛም አይሰማም፤ ይኸውም ስለ ቦርድ ነው። በየወረዳው ባለው ጤና ጣቢያ በር በየቀኑ ብዙ ሕዝብ ይገባል፥ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ግን ጤና ጣቢያውን የሚመራ የሥራ አመራር ቦርድ መኖሩን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ አባሎቹ እነማን እንደ ሆኑ፥ መቼ እንደሚሰበሰቡና ምን እንደሚወስኑ የሚያውቀውማ ከጥቂቱም ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቦርድ የሕዝቡ ሊሆን እንደሚገባ፥ ሥራውም ከጤና ጣቢያው አጥር ውጪ እንደሚጀምር ለማስረዳት፥ እኛም ተማሪዎችና መምህራን በዚህ ረገድ ያለብንን ግዴታ ለማመልከት ነው።

አስቀድመን ቦርዱ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ቀድሞ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ከሕመምተኛው የተቀበለውን የካርድና የመድኃኒት ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ያደርግ ነበር። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ከሄደ በኋላ ለዚያው ጤና ጣቢያ ተመልሶ መድኃኒት እንዲገዛበት ወይም የተሰበረ መስኮት እንዲጠገንበት ዋስትና አልነበረም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና አገልግሎት የፋይናንስ ስትራቴጂ ይህን አሠራር ለመለወጥ መንገድ ከፈተ። ክልሎችም ተራ በተራ ባወጧቸው ሕጎች መሠረት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን ገቢ ራሳቸው እንዲይዙና ከመደበኛው በጀት ሌላ በተጨማሪነት ለአገልግሎታቸው ማሻሻያ እንዲያውሉት ተፈቀደ። ገንዘብ ባለበት ተቆጣጣሪ ማስፈለጉ አይቀርምና ቦርድም አብሮ ተቋቋመ። በቦርዱ ውስጥ ከአስተዳደር፥ ከጤና ጽሕፈት ቤት፥ ከሠራተኛውና ከኅብረተሰቡ የተውጣጡ ሰዎች ይቀመጡበታል። ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፤ የተያዘው ገቢ በምን ላይ እንደሚውል ይወስናል፤ የጤና ጣቢያውን ሥራ ይከታተላል።

ይህ ቀላል ሥልጣን አይደለም። በዚሁ ለውጥ ውስጥ ሁለት የድኻ መብቶች ታውቀዋል። አንደኛው፥ እንደ ክትባት፥ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፥ በጤና ጣቢያ እንደሚሰጥ የወሊድ አገልግሎት ያሉት ለማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ነው። ሁለተኛው፥ መክፈል የማይችል ድኻ ተመርምሮና ተረጋግጦ ነጻ ሕክምና እንዲያገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ በቅድሚያ ከሚሰበሰብ መዋጮ የሚከፈል ሕክምና አስገኝቶ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። እንግዲህ አንዲት እናት ያለ ክፍያ ልትገላገል ሄዳ ጓንትና መርፌ ከውጭ ገዝተሽ ነይ ብትባል፥ ወይም መድን የገባ ገበሬ መድኃኒቱ የለም ተብሎ ቢመለስ፥ አቤት የሚባልበት የቅርብ ቦታ ያ ቦርድ መሆን ነበረበት። ቦርዱን የማያውቅ ሕዝብ ግን ወዴት አቤት ይላል? ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሕግ የተሰጠው መብትም በወረቀት ላይ ይቀራል።

በበኩሌ ቦርዱን ለመንቀፍ ብቻ ብዕር አላነሣሁም። ገቢው በስፍራው እንዲቀር መደረጉ መልካም ሐሳብ ነው፤ በዚሁ ገንዘብ መድኃኒት የተገዛባቸው፥ የውሃ መሥመር የተዘረጋባቸው፥ የማዋለጃ ክፍል የታደሰባቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ። ነገር ግን ሦስት ጉድለቶች አሉ ብዬ አምናለሁ፤ ሦስቱንም አንድ በአንድ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ጉድለት ቦርዱ ከሕዝቡ መራቁ ነው። የኅብረተሰብ ተወካይ የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ በሹመት የሚመጣ እንጂ ወካዮቹ ተሰብስበው የመረጡት አይደለም። የመረጠው ከሌለ፥ ተመልሶ ሪፖርት የሚያቀርብለት የለም። በዚህ ላይ ሰብሳቢው ሌላ ከባድ የመንግሥት ሥራ ያለበት ሰው ሲሆን ስብሰባው ዛሬ ነገ እየተባለ ይራዘማል። ይህን ከእድር ጋር እናነጻጽረው። እድር ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። አባሉ የቀረበትን ቀን በመቀጫ ይከፍላል፤ ሒሳቡ በአባሎች ፊት ይነበባል፤ ድንኳኑ ቢቀደድ፥ ድስቱ ቢጠፋ ማን እንደ ወሰደው ይጠየቃል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች እንኳ የእድራቸውን ሒሳብ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ታዲያ ለቀብር ያዋጣነውን ገንዘብ በዚህ ዐይነት የምንቆጣጠር ሰዎች፥ ከቀብር ለመዳን የምንከፍለውን ገንዘብ ለምን አንቆጣጠርም? ሕዝቡ አይችልም የሚባለው ነገር በእድር ሐሰት መሆኑ ታይቷል።

ሁለተኛው ጉድለት ቦርዱ ከአጥሩ ውጪ አለማየቱ ነው። በገጠር በተያዘው አቋም አንድ ጤና ጣቢያ በሥሩ አምስት ጤና ኬላዎች አሉት፤ ሁሉም በአንድነት ለ25,000 ሕዝብ እንዲያገለግሉ የታሰቡ ናቸው። ቦርዱ ስብሰባ ሲቀመጥ ግን የሚያየው ካርድ ያወጣውን ሕመምተኛና ከካርዱ የተገኘውን ገቢ ነው። ያልታመመው፥ ታምሞም ያልመጣው፥ ከቆሸሸ ምንጭ የሚቀዳው፥ መጸዳጃ የሌለው፥ ከመዝገቡ ውጪ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ እንበል፤ ገቢ የሚገኘው ሰው ሲታመም ነው። የቦርዱ ዐይን በገቢው ላይ ብቻ ከተተከለ፥ ሕዝቡ ጤና ባገኘ ቁጥር የቦርዱ ሒሳብ የቀነሰ ይመስላል። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ ሥራውን በገንዘብ ብቻ የመለካት ውጤት ነው። ስለዚህ ቦርዱ ከሒሳብ መዝገቡ ጎን ሌላ መዝገብ ሊኖረው ይገባል፤ ስንት ምንጭ ተከለለ፥ ስንት ቤት መጸዳጃ ቈፈረ፥ ስንት ሕፃን ክትባቱን ጨረሰ የሚል።

ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሲከፈት የተጀመረው ሐኪም ብቻ በማሠልጠን አይደለም። ጤና መኰንን፥ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በአንድ ቡድን እየተማሩ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ነው የተደረገው። ሳኒቴሪያኑ የምንጩንና የመጸዳጃውን ሥራ ይይዝ ነበር፤ ማለት ከአጥር ውጪ ያለው ሥራ ባለቤት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞችን መድቦ ንጽሕናን፥ የቤተሰብ ጤናንና በሽታን መከላከልን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እንዲያስተምሩ አድርጓል። እነዚህ እኅቶቻችን በእግራቸው የሚያውቁትን ነገር ቦርዱ ጠርቶ ካልሰማቸው፥ ዕውቀታቸው በየሪፖርቱ ቅጽ ላይ ተሞልቶ ይቀራል።

ሦስተኛው ጉድለት ዝምታ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህ ተረት ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለአገርም ይሠራል። በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በአዲስ አበባና በሌሎች ቦታዎች የተነሣው ወረርሽኝ ለሕዝብ የተነገረው «አተት» በሚል አኅጽሮት ነው፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በባሌ በሐረና ቡሉቅ ወረዳ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ቦታዎች የተዛመተው ግን ኮሌራ ተብሎ በስሙ ተጠርቷል። ይህ መሻሻል ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። ኮሌራ በቶሎ ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነው። በጊዜው ፈሳሽ ከተተካለት ግን ከመቶ ሰው አንድ እንኳ ሳይሞት ማዳን ይቻላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጊዜ ነው። ጊዜን የሚገድለው ደግሞ ስሙን ለመጥራት መፍራት ነው። ከላይ ፈቃድ እስኪመጣ የሚጠብቅ ቦርድ፥ ቀባሪ ከሚጠብቅ አይለይም።

አሁን ምሳሌ ከውጭም ከአገርም ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ1854 ነሐሴ ማብቂያ ላይ በሎንዶን ከተማ በሶሆ ሰፈር፥ በብሮድ ስትሪት ዙሪያ ኮሌራ ገባ። በዐሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ሞተ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሞቱትን ቤት በቤት እየቈጠረ ብዙዎቹ ከአንድ የመንገድ ላይ የውሃ መሳቢያ የጠጡ መሆናቸውን አገኘ። ያገኘውንም ይዞ የሄደው ወደ ንግሥቲቱ ወይም ወደ ፓርላማ አይደለም፤ የአጥቢያውን የድኾች ጉዳይ ወደሚያስተዳድረው ቦርድ ነው። ቦርዱ መስከረም 7 ቀን ሰማው፤ በማግሥቱ የመሳቢያው እጀታ እንዲነቀል ተደረገ። በዚያን ዘመን የነበሩት ታላላቅ የጤና ባለሥልጣኖች ኮሌራ ከመጥፎ ሽታ ይመጣል ብለው ያምኑ ነበርና የስኖውን አሳብ አልተቀበሉትም። የአጥቢያው ሰዎችም ሙሉ በሙሉ አላመኑትም፤ ነገር ግን እጀታ መንቀል ጉዳት አያመጣም ብለው አደረጉት።

እውነቱን ለመናገር እጀታው በተነቀለ ጊዜ ሰዎች ከሰፈሩ በመሸሻቸውና በሌላም ምክንያት በሽታው እየቀነሰ ነበር። ትልቁ ትምህርት ያለው ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ነው። አጥቢያው የራሱን መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ከአባሎቹ አንዱ ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባል ወጣት ቄስ ነበር። ይህ ቄስ በመጀመሪያ ስኖው ተሳስቷል ብሎ ለማስረዳት ተነሥቶ፥ ምእመናኑን በየቤታቸው እየጠየቀ፥ አንዳንዱን ቤት ደጋግሞ እየጐበኘ፥ በመጨረሻ ስኖው ልክ መሆኑን አረጋገጠ። ከሌሎቹ አስቀድማ የታመመች ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውሃ የተደፋበት ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ መሆኑ፥ ግድግዳውም ተበላሽቶ ወደ መጠጡ የሚያሰርግ መሆኑ ተቈፍሮ ታየ። ሊቃውንቱ በሽታ ከሽታ ነው እያሉ ሲከራከሩ፥ አንድ ሐኪምና አንድ ቄስ ከአንድ የሰፈር ቦርድ ጋር ሆነው እውነቱን አገኙት። ያገኙትም በመቊጠርና በመጠየቅ ነው።

በአገራችንም ሕዝቡ ለራሱ ጤና ያልተነሣበት ጊዜ የለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የተጠራው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚገመት ሰው ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ሰፈሩን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ነው። ዛሬ በምናውቀው መጠን ጭሱ የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ አያጠፋም፤ ላስቲክና ፕላስቲክ ሲቃጠልበትማ ለሳንባ ይጐዳል። ነገር ግን ማንም ሳያዝዘው፥ አበልም ሳይከፈለው፥ በአንድ ቀን አንድ ላይ የሚጠርግ ሕዝብ ያለን መሆኑን ማን ይክዳል? አስተዋይ ቦርድ ይህን ቀን ይዞ ከማቃጠል ወደ መልቀምና ወደ መቅበር፥ ከአንድ ቀን ወደ በየወሩ ሊመራው ይችላል።

ሌላ የሚያሳዝን ታሪክ አለ። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወባ ወትሮ እምብዛም ወደማይደርስበት ከፍተኛ ቦታ ሳይቀር ወጣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ዝናቡ መብዛቱን፥ ትንኙ መበርከቱን፥ ትኩሳቱ ከቤት ቤት መዛመቱን ከሁሉ አስቀድሞ ያየው የአገሬው ገበሬ ነበር። ያየውን ተቀብሎ በቶሎ የሚያስተላልፍ የቅርብ አካል ሲጠፋ ግን የገበሬው ዕውቀት ከገበሬው ጋር ይቀበራል። ከዚህ በተቃራኒ በ1963 ዓ.ም. በተጀመረው ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ሠራተኞቹ ከመንደር መንደር እየዞሩ ፈንጣጣ ያለበት ቤት የት ነው ብለው ሕዝቡን ጠየቁ፤ ከተነገራቸውም ቤት ዙሪያ ከተቡ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ በዲሞ የታየው የመጨረሻው ሕመምተኛ ሆኖ በሽታው ከአገራችን ጠፋ። ልዩነቱ ሕዝቡ በመጠየቁና የመለሰውም በመሰማቱ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት መቃወሚያዎች አሉ። አንዳንዶች «ሕክምና የባለሙያ ሥራ ነው፤ ገበሬና ነጋዴ ምን አገባው?» ይላሉ። ለየትኛው ሕመም የትኛው መድኃኒት እንደሚሰጥ ባለሙያው ይወስን፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን የተገኘው ብር በመጀመሪያ ለጄኔሬተር ይዋል ወይስ ለውሃ ታንከር፥ ጤና ጣቢያው በገበያ ቀን እስከ ስንት ሰዓት ይከፈት፥ ነጻ ሕክምና የሚገባው ድኻ ማን ነው የሚለውን ከሰፈሩ ሰው ይልቅ የሚያውቅ ባለሙያ የለም። ሌሎች ደግሞ «ገንዘብ በሌለበት ቦርድ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ገንዘብ ማነሱ እውነት ነው። ሆኖም ቃለ ጉባኤን በበር ላይ ለመለጠፍ፥ ተወካይን በአደባባይ ለመምረጥ፥ በሽታን በስሙ ለመጥራት፥ እጀታ ለመንቀል ምን ያህል ብር ይጠይቃል?

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ የኅብረተሰቡ ተወካዮች በእድሮችና በቀበሌ ነዋሪዎች ስብሰባ በግልጽ ይመረጡ፤ ከእነርሱም መካከል ሴቶች ከግማሽ ያላነሱ ይሁኑ፤ ውሃ የምትቀዳው፥ ሕፃን ይዛ የምትመጣው፥ የምትወልደውም እርሷ ናትና። ሁለተኛ፥ የቦርዱ አባሎች ስም፥ የስብሰባው ቀን፥ በየሦስት ወሩ የገባውና የወጣው ሒሳብ ማንም በሚያነበው ቋንቋና ጽሕፈት ተጽፎ በጤና ጣቢያው በር ይለጠፍ። ሦስተኛ፥ በማናቸውም ስብሰባ ላይ ከሒሳብ በፊት የምንጭ፥ የመጸዳጃና የክትባት ሪፖርት ይሰማ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ራሳቸው ቀርበው ያስረዱ። አራተኛ፥ ተላላፊ በሽታ በተጠረጠረ ቀን ሕዝቡ ውሃውን አፍልቶ እንዲጠጣና ሕመምተኛውን በቶሎ እንዲያመጣ ለመንገር ቦርዱ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ እንዳይኖርበት በግልጽ ይደንገግ።

የቀረው የእኛ ፋንታ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የዚያን ዘመን ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው ያገለግሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋምም ትምህርቱን በማኅበረሰቡ መካከል ለመስጠት ተነሥቶ ለሌሎች አርአያ ሆኗል። ዛሬም ብዙዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለመስክ ልምምድ ቤት ለቤት እየዞርን «መጸዳጃ አላችሁ ወይ? ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? ልጃችሁ ተከትቧል ወይ?» እንላለን። ሰዎቹም ሥራቸውን ትተው፥ አንዳንዴም ቡና አፍልተው ይመልሱልናል። ከዚያ በኋላ መልሳቸው በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ፥ በሠንጠረዥ ተሞልቶ፥ ተጠርዞ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እኛ ማርክ አገኘን፤ መምህሩ አማካሪ ተባለ፤ ምንጩ እንደ ቆሸሸ ነው። ይህ መበደር እንጂ ምርምር አይባልም፤ ብድሩም አልተከፈለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በአንድ ወረዳ የተሠራ ማናቸውም የጤና ጥናት ሲያልቅ፥ ከሁለት ገጽ በማይበልጥ ጽሑፍ፥ በአካባቢው ቋንቋ ተጠቃሎ ለዚያው ጤና ጣቢያ ቦርድ ይሰጥ፤ ተማሪውም በስብሰባው ቀርቦ ያስረዳ። መምህራን ይህ ሳይደረግ ማርክ እንዳይሰጡ የትምህርት ክፍሎች ይስማሙ። የሕግ ተማሪዎች ቦርዱ የተቋቋመበትን ደንብ ለሕዝቡ በቀላል አማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ጽፈው ያሠራጩ፤ የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች በበር የሚለጠፈውን ሒሳብ በማዘጋጀት ይርዱ፤ የምሕንድስና ተማሪዎች ምንጭ መከለልን ያሳዩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፥ ሥራው ለብዙዎች ከተከፋፈለ ለማንም አይከብድም።

ለሕዝብ እናስባለን ማለት በስብሰባ አዳራሽ ቀላል ነው። ወረዳው ውስጥ ከተሰበሰቡ ሰባት ስምንት ሰዎች ጋር ተቀምጦ ስለ አንድ የተበላሸ ቧንቧ ሁለት ሰዓት መነጋገር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጭብጨባም የለውም። ሆኖም ሕፃናት የሚሞቱት ወይም የሚድኑት በዚያ ቧንቧ ምክንያት ነው። በመጪው ክረምት ለእረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ እያንዳንዳችን ወደ ጤና ጣቢያችን ሄደን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ የቦርዱ አባሎች እነማን ናቸው? መጨረሻ የተሰበሰቡት መቼ ነው? ስለ ውሃችን ምን ወሰኑ? የምናገኘውን መልስ በመስከረም ስንገናኝ ለማኅበራችን እናቅርብ፤ በዚህ ጋዜጣም ይውጣ።